እቅዱን ቀድሞ የሚጨርሰው ድራመር

ዕንባቆም ኤርጫፎ በሕይወቱ አርፍዶ አያውቅም። ሆሳዕና ውስጥ ሠርግ የተጠራ ሰው፣ ወረቀቱ ስድስት ሰዓት ካለ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ሸሚዙን መተኮስ ይጀምራል። ዕንባቆም ግን አምስት ተኩል ላይ ደርሶ ከአስተናጋጆቹ ጋር ወንበር ሲደረድር ይገኛል። በከተማዋ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የእቅድና ክትትል ባለሙያ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። የሩብ ዓመት ሪፖርቱ ሩብ ዓመቱ ሳያልቅ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ይላል። ገና ያልተሠራ ሥራ እንዴት ሪፖርት ይደረጋል ብሎ የጠየቀ አለቃ እስካሁን አልተገኘም፤ እንዲያውም ሦስት ጊዜ የምስጋና ወረቀት ሰጥተውታል።

ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ድራመር ነው። ይሄው አሥራ አንድ ዓመቱ። ድራሙ ከአዲስ አበባ በእርዳታ የመጣ ቀን ምእመኑ ሁሉ ከብቦ አየው እንጂ ደፍሮ የሚቀመጥበት ጠፋ። ዕንባቆም ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ። ማንም አላስተማረውም፤ ስላላስተማሩትም ማንም አላረመውም። ሲመታ ግን ማየት ነው። ያ በቢሮ ውስጥ ፋይል አቅፎ የሚኮሳተር ሰውዬ የድራም መምቻውን ስቲክ ሲጨብጥ ጥርሱ አይከደንም፤ ሰኞ ጠዋት እንኳ ስቴፕለሩን ይዞ ጠረጴዛውን ኳ ኳ ሲያደርግ ጸሐፊዋ ትሰማዋለች።

ችግሩ አንድ ነው። መዝሙሩ በእርጋታ ይጀመርና ሦስተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ከመናኸሪያ ወጥቶ ተሳፋሪ እንደሚሻማ ሚኒባስ ይበርራል። መዘምራኑ በሩጫ ይከተሉታል። አጨብጫቢው ግማሹ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ያያል። ቅር የማይላቸው መጋቢው ብቻ ናቸው፤ ለስብከታቸው አሥር ደቂቃ ይተርፋቸዋል።

በዚህ ዓመት የመዘምራኑ ኃላፊ የሆነችው ሮዳስ ናት። ኪቦርድ ትጫወታለች፣ ጆሮዋ ንቁ ነው፣ በልጅነቷ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማራትም ራሱ ዕንባቆም ነው። ስለዚህ ነገሩን ለመናገር ሦስት ሳምንት ፈጀባት። አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ጠብቃው፣ ሰባት ሳምንት ቆይቶ ሺንሺቾ ከተማ ለሚደረገው ኮንፈረንስ የኪቦርዱን ሪትም ልንጠቀም አስበናል አለችው። ኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ሲነካ ራሱ ድራም ይመታል፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም፣ ሻይም አይጠይቅም። ከሾኔም ከዱራሜም ትልልቅ መዘምራን ስለሚመጡ መጋለጥ አንፈልግም ማለቷ ነበር። አፏ ግን ሌላ አለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ትንሽ ይረፉ።»

ዕንባቆም ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ይረፉ የሚባለው ጡረታ ለሚወጣ ሰው መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል፤ በመሥሪያ ቤቱ የስንብት ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ለምኖ አያውቅም፣ ያን ቀን ለመነ። በስንት ድርድር ከኮንፈረንሱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ባለው ቅዳሜ እንዲፈተን ተስማሙ። ምቱን ከጠበቀ ሺንሺቾ ይሄዳል። ካልጠበቀ በኪቦርዱ ይተካል፤ አንድ ጊዜ የተተካ ድራመር ደግሞ ተመልሶ እንደማይጠራ ሁለቱም ያውቁታል።

ያን ምሽት ዕንባቆም የሚያውቀውን ሥራ ሠራ፤ እቅድ አወጣ። ልጁ ሩት ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ ባዶ የሆነውን ክፍል ለልምምድ መረጠ። ከጎማ ጠጋኞቹ የጠየቀውን የከባድ መኪና ጎማ ቁራጭ ጣውላ ላይ ቸንክሮ የሚመታበት አደረገ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ባለ ሰባት ዓምድ ሰንጠረዥ ለጠፈ፤ ዓላማ፣ ግብ፣ ዝርዝር ተግባር፣ መለኪያ፣ ክንውን በመቶኛ፣ ያጋጠመ ችግር፣ የተወሰደ መፍትሔ። የሳምንቱ ግብ ሃያ ሺህ ምት ነበር። ለምን ሃያ ሺህ ሆነ ቢባል ዕንባቆምም አያውቅም፤ ግብ ሲጻፍ ክብ ቁጥር ያምራል።

በነጋታው ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጀመረ። ጎማው ድም ድም ሲል ጎረቤቱ አቶ ዳኘ በአጥር ላይ ብቅ ብለው ጣሪያ እያደሳችሁ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። መዝሙር እየተለማመድኩ ነው ቢላቸው ፊታቸው ላይ የታየው ሐዘን እንጂ ደስታ አልነበረም። ዕንባቆም ግን የሚያቆም አልሆነም። ሃያ ሺውን ምት ሐሙስ ላይ ጨረሰ። ዓርብን በትርፍ ሠራ። ቅዳሜ ክንውን በሚለው ዓምድ ሥር መቶ አሥራ ሁለት በመቶ ብሎ በቀይ ጻፈና ደረቱን ነፋ። ያጋጠመ ችግር በሚለው ሥር «የለም» አለ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ መቶ ሃያ ስድስት ደረሰ።

ይሁንና ሕሊና ያለው ሰው ስለሆነ ሜትሮኖም የሚባለውን፣ ቲክ ቲክ እያለ ምት የሚጠብቀውን መተግበሪያ ስልኩ ላይ ጭኖ ራሱን ፈተነ። አንድ ደቂቃ አብረው ሄዱ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ቲክታው ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ፤ ሦስተኛው ላይ ጭራሽ ተለያዩ። ዕንባቆም ስልኩን አጥፍቶ አበራው። ሞልቶ ከብዶት እንደሆነ ብሎ የሠርግ ፎቶ ሁሉ ደመሰሰ። ያው ነው፣ ስልኩ ይዘገያል። የታመመ ዕቃ ደግሞ ሐኪም ይፈልጋል ብሎ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወደ ስልክ ጠጋኙ መሐመድአሚን ይዞት ሄደ።

መሐመድአሚን ቅሬታውን በትዕግሥት ሰማ። የራሱን ስልክ አውጥቶ ያንኑ መተግበሪያ ጫነና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ሁለቱ ስልኮች እንደ አንድ ልብ ቲክ ቲክ አሉ። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ፣ ፍንክች የለም። እስቲ እርስዎ ይምቱት አለው። ዕንባቆም ስቲኩን ከኮቱ ኪስ አወጣና የጠረጴዛውን ጠርዝ መምታት ጀመረ። ትኬት የሚቆርጡት፣ ሻንጣ የሚሸከሙት፣ አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ ሁሉ መጥቶ ከበበ። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ስልኮች ወደ ኋላ ቀሩ።

«ጋሼ፣ ስልኩ ጤነኛ ነው» አለ መሐመድአሚን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎ ነዎት ጥለውት የሚሄዱት።»

ከሕዝቡ አንዱ ሳቀ። ዕንባቆም ፊቱ በርበሬ መስሎ ስልኩን ተቀበለና ባጃጅም ሳይዝ በእግሩ ቤቱ ገባ።

ሚስቱ ዘነበች ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። ነጠላዋን ሳትፈታ ታሪኩን አዳመጠች፤ ስትስቅ ግን አልታየችም፣ ዞር ብላ ስቃ ጨርሳ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ሩት ክፍል ገባችና ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ጣቷ በቀይ የተጻፈው መቶ ሃያ ስድስት ላይ ቆመ።

«የሩት አባት፣ በሽታህን ራስህ ጽፈህ ለጥፈኸዋል» አለችው። «ቢሮ ውስጥ ቀድመህ ስትጨርስ ትሸለማለህ። መዝሙር ላይ ቀድሞ የጨረሰ ሰው ግን ብቻውን ነው የሚደርሰው።»

ዘነበች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስለ ሥራዋ ነገረችው። ሳል የያዘው ሕፃን ሲመጣ ትንፋሹ ይቆጠራል፤ ሙሉ አንድ ደቂቃ። አዲስ የሚመጡት ነርሶች አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥረው በአራት ያባዛሉ። ሕፃን ግን አንዴ ያፈጥናል፣ አንዴ ያርፋል፤ ደቂቃውን ሙሉ ያልጠበቀ ነርስ የጻፈው የራሱን ችኮላ ነው። እሷም ድሮ እንደዚያ አድርጋ ታውቃለች፤ አንድ ሕፃን ደህና ነው ብላ ሸኝታ በነጋታው ተዳክሞ መጣ። ተረፈ። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ደቂቃ አታሳጥርም።

ሰንጠረዡን ነቅላ አጣጠፈችውና የሚወላገደው ቁምሣጥን እግር ሥር ሸጎጠችው። አዲሱን የልምምድ ሥርዓት ያወጣችው እሷ ናት፤ በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ አያልፍም። መጀመሪያ ስልኩ በደቂቃ አርባ ምት ላይ ይደረጋል፤ እሱም በአንድ እጁ ብቻ፣ ድምፁን አውጥቶ እየቆጠረ ይመታል። ቀጥሎ ቲክታው በመሐል እንዳይሰማ ታደርገውና ትንሽ ቆይታ ትመልሰዋለች፤ ሲመለስ እሱ የት እንዳለ ይታያል። በመጨረሻ ዘነበች ቆጮዋን እየከተፈች ትዘምራለች፣ እሱ እሷ በምትተነፍስበት ይተነፍሳል። ሃያው ደቂቃ ሲሞላ ቢጥመውም ያቆማል። ሪፖርት የሚባል ነገር ደግሞ አይጻፍም።

አርባ ምት ማለት ለዕንባቆም ቁም ስቅል ነበር። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ የፈቃድ ደብዳቤ ተፈርሞ እስኪመጣ የሚጠበቀውን ያህል ረዘመበት። ከጆሮው ጀርባ በላው። ሁለተኛው ቀን ላይ ሥራ አለብኝ ብሎ ተነሥቶ ወጣ፤ ዶሮዎቹን ቆጥሮ ተመለሰ። ዘነበች ስልኩን አፍና ስትመልሰው ሁልጊዜ ከፊት ይገኛል። እሷም የት ልትደርስ ነው ብቻ ትለዋለች። እሱ ይናደዳል፤ ተናድዶም ይብስበታል። አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ፣ ሌላም ሳምንት።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ማክሰኞ ግን ጉድ ሆነ። ዘነበች ቲክታውን አፈነችው፤ እሱ ቀጠለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ስትመልሰው ድምፁ ከስቲኩ ጋር እኩል አረፈ። ዕንባቆም መምታቱን ትቶ ስልኩን አፍጥጦ አየው። ሰው መንገድ ላይ ጥሎት የሄደውን ጓደኛ በሩ ላይ ሲያገኘው እንዲያ ነው የሚደነግጠው። ከዚያ ለብቻው ሳቀ፤ ዘነበችም አብራው ሳቀች። እጁ እርሳስ ፍለጋ ወደ ኪሱ ሄዶ ነበር፤ የሚጻፍበት አለመኖሩን አስታውሶ መለሰው።

የፈተናው ቅዳሜ ደረሰ። ሃያ አራቱ መዘምራን ቆሙ። ሮዳስ ኪቦርዷ ላይ ተቀምጣ ጣቷን የሪትሙ ቁልፍ ላይ አሳረፈች፤ ጋሼ መሮጥ ሲጀምሩ ልትነካው። ይህን ዕንባቆም አይቷል። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አራት ቆጠረ፣ ጀመረ።

የመጀመሪያው አዝማች አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። ሦስተኛው ሲመጣ የድሮው ነገር ከእግሩ ተነሥቶ ወደ እጁ ወጣ። ሂድ ሂድ አለው። በዚያች ቅጽበት መቶ ሃያ ስድስት በመቶ መምታት ይችል ነበር። ይልቁንስ ፊት ለፊቱ የቆሙትን መዘምራን አየ። ደረታቸው ከፍ ሲል አየ፤ አየር እየወሰዱ ነው። ጠበቃቸው። ሲዘምሩ መታ። የሚዘምሩትንም ቃል ሰማው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲመታው የኖረውን መዝሙር ያን ቀን ገና ቃል በቃል ሰማው፣ ዓይኑም ውኃ አቀረረ።

መዝሙሩ አለቀ። ሮዳስ ጣቷን ከቁልፉ አንሥታ ኪቦርዱ ላይ ያለውን ሪትም ዘጋችው። ሺንሺቾ የሚሄደው አውቶቡስ ማለዳ ስለሚነሣ ማንም እንዳያረፍድ ለሁሉም ተናገረች፤ ለጋሼ ብቻ አልተናገረችም። ዕንባቆም ገባው። ሊሄድ ነው፤ አርፍዶ ለማያውቅ ሰው ማሳሰቢያ አያስፈልግም።

ሰው ሲበተን ከኋላ ረድፍ የሚቆሙት እማማ ዓለሚቱ ቀስ እያሉ ወደ ድራሙ መጡ። መዘምራኑን ካቋቋሙት አንዷ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን እየተጠጋ ነው። ስቲክ የያዘውን እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ልጄ፣ የመጨረሻዋን ስንኝ ዛሬ ዘመርኳት» አሉት።

ዕንባቆም አልገባውም። እማማ ዓለሚቱ እንደ ቀላል ነገር አስረዱት። እሱ ከጀመረ ወዲህ ሦስተኛው አዝማች ላይ ትንፋሻቸው ያልቃል። የመጨረሻዋን ስንኝ አፋቸውን ብቻ ከፍተው ሲያሳልፉ ነው የኖሩት። ኋላ ረድፍ ያሉት ትልልቆቹ ሁሉ እንዲሁ ናቸው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም አላቸው።

«ስትመታ ፊትህን አየዋለሁ» አሉ እማማ ዓለሚቱ። «እንደዚያ ደስ ያለውን ሰው ማን ቀስ በል ይለዋል?»

ዕንባቆም አፈረ፣ ደስም አለው፣ የትኛው እንደሚበልጥ ሊለየው አልቻለም። መዘምራኑ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ጠራቸውና አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደግሙት ለመናቸው። እያጉረመረሙ ተመለሱ፤ እሱም እማማ ዓለሚቱን ወደ ኋላ ረድፍ ሳይመልስ ፊት ለፊቱ አቆማቸው። አራት ቆጠረ። ሦስተኛው አዝማች ሲያልቅ ስቲኩን አየር ላይ አንሥቶ፣ እሳቸው አየር እስኪወስዱ ድረስ ያዘው።