በሽታው ከማን ማሳ ተነሳ?

ከቢጠና ተመልሼ ሶዶ መናኸሪያ ስወርድ ፖሊሶች ያዙኝ። ምክንያቱ የጻፍኩት ዘገባ ነበር። ያስገቡኝ ክፍል በአንድ በኩል ወለሉ ርጥብ ነው፤ የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ተቀምጧል።

ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ገብተዋል። አንደኛው የእንሰት በሽታ ተመራማሪ ነው፤ ናሙና የያዘባቸው ብልቃጦች "መርዝ" ተብለውበት ታስሯል። ሌላው ከአረካ አካባቢ የመጡ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። የጎረቤቶቻቸው እንሰት ሲጠወልግ፣ በፖለቲካ ቂም በሽታ አዛምተዋል ተባሉ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው ወረቀት ይዞ መጣ።

"ዶክተር፣ በሽታው የተነሳው ከዚህ ሽማግሌ ማሳ ነው ብለህ ፈርም። ከሰዓት ሚስትህ ጋ ትገባለህ።"

የተመራማሪው ሚስት መውለጃዋ ደርሶ ነበር።

"ከማሳቸው የወሰድኩት ባክቴሪያ ገዳዩ ይሁን ዘመዱ አላውቅም" አለ። "ዘመዱ እንሰት አይጎዳም። ላቦራቶሪ ውስጥ ሲያድጉ ግን ሁለቱም ቢጫ፣ ሁለቱም ዝልግልግ ናቸው። የሚለያቸው ዲኤንኤያቸው ላይ ያለ ምልክት ነው።"

"ይህን ሁሉ ተምረህ ዓይንህ አይለይም?"

ሽማግሌው ከጥግ ሳቁ። "ኮማንደር፣ ሁለት ጥቁር ወይፈን ገበያ ላይ ቢደባለቁብህ በመልክ ትለያለህ? ጆሮው ላይ የቆረጥከውን ምልክት ነው የምታየው።"

"አንተን ማን ጠየቀህ?"

"ብልቃጦቹን ወደ ላቦራቶሪ ላኩልኝ" አለ ተመራማሪው። "ምርመራው ይናገራል።"

"አቃጠልናቸው እኮ። መርዝ ቢሮ ውስጥ እናስቀምጥ?"

ተመራማሪው ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ፈርም፣ ልጄ" አሉት ሽማግሌው። "እኔ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ያንተ ገና መምጣቱ ነው።"

እስክሪብቶውን ተቀበለ። "ናሙናው ስላልተመረመረ በሽታው ከየት እንደተነሳ አላውቅም" ብሎ ጻፈና ከሥሩ ፈረመ። መርማሪው አንብቦ ወረቀቱን አጠፈው፤ በሩን ዘግቶ ሄደ። ሽማግሌው ከደረቁ ወለል ላይ ተነስተው ቦታቸውን ለእሱ ለቀቁለት።

ልጁ የተወለደው እሱ እስር ቤት እያለ ነው። ከወራት በኋላ ሦስታችንም ያለ ክስ ተለቀቅን።

ባለፈው ዓመት ተመራማሪውን ሶዶ ውስጥ አገኘሁት። ያኔ ስለ በሽታው መነሻ በልቡ ምን ያስብ እንደነበር ጠየቅኩት።

"ከእሳቸው ማሳ የተነሳ ይመስለኝ ነበር" አለ። "ግን አላወቅኩም።"

ያን ቀን ይህን ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ፣ መርማሪው እንዳለው እንዲፈርም እለምነው ነበር ብዬ እፈራለሁ።