ተዋንያን፦ የማኅበሩ አባላት

ሀረገወይን ጥሩነህ ሰው ፊት መናገር አይሆንላትም። ኦክላንድ መሀል ከተማ ባለው ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ሱፐርቫይዘሯ ግን እስከዛሬ «ሃሪ» ነው የሚላት። «የስ» ትላለች፣ አታርመውም። ስብሰባ ላይ የኋላ ወንበር ፈልጋ ትቀመጣለች። እጅ አውጡ ሲባልም ግራና ቀኟን አይታ ነው የምታወጣው። ዘፈን ሲሆን ግን ሌላ ሰው ናት። ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያች ቀጭን ደረት ይወጣል ብሎ የሚያምን የለም።

ይህን ድምፅ ከውስጧ ያወጣላት አምሐ ነው። አምሐ ሀገር ቤት ሳለ ዕድሜውን መድረክ ላይ የጨረሰ ሰው ነው፤ እዚህ የኤርፖርት ቫን ይነዳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኤል ሴሪቶ ውስጥ ባገኙት አዳራሽ ሰው ይሰበስብና ቲያትር ያስጠናል። ንግግሩ በዘፈን የሚሄድ ቲያትር ነው። ቲያትሩ ታይቶ ሲያበቃ፣ የሠሩት ሰዎች ዘፈኖቹን አንድ ላይ ሆነው ካሴት ላይ ይቀዷቸዋል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ካሴት ሽልማት አለ። ሽልማቱን በፈረንጅ ሰማንያ ሦስት የጀመረው ጋሻው ነው፤ ሳን ሆዜ ኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ደንብ ማውጣት የሚወድ ሰው። ደንቡ ግልጽ ነበር። ዘፋኝ ብቻውን ያወጣው ካሴት አይገባም፤ ቲያትሩን የሠሩት ራሳቸው የዘፈኑት ብቻ ነው የሚወዳደረው። በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ ፍለጋ ሄደው ሱቁ ውስጥ ያገኙት የቦውሊንግ ኳስ የምታንከባልል ሴት ምስል ያለበትን ብቻ ነበር። ጋሻው ኳሷን በመጋዝ ቆርጦ አምጥቶ «ዘፋኝ ናት፣ እጇን ዘርግታ ነው» አላቸው። በሁለተኛው ዓመት ተጣሉ። ከአሸናፊው ካሴት ውስጥ አንድ ሰው ሲያስል ይሰማል፤ «ሳሉ የቲያትሩ ነው ወይስ የተመልካች?» ተብሎ ሁለት ስብሰባ ፈጀ። አንድ ልማድ ግን ከመጀመሪያው አንስቶ ተከብሮ ኖሯል። ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ ያሸነፈው ቡድን መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈኑን ይዘፍናል።

ታዲያ በመጀመሪያው ዓመት አሸናፊ በሆነው የሳን ሆዜ ካሴት ላይ የዘጠኙም ተዋንያን ስም ተጽፎ ነበር። ካሴቱ በሰው በሰው አዲስ አበባ ገባ። የደርግ ደኅንነት ሰዎች ከዘፋኞቹ የአንዱን ወንድም ጠርተው «ይሄ የኮበለለው ምንህ ነው?» አሉት፤ ሁለት ቀን አስረው ለቀቁት። ወሬው እዚህ ቤይ ኤሪያ ሲደርስ ሁለቱ ቀን ሁለት ዓመት ሆኖ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ስሙን የሚያጽፍ ጠፋ። ሁሉም ሀገር ቤት እናት አለው፣ እህት አለው። የካሴቱ ሽፋን ላይ «ደራሲና አዘጋጅ፦ አምሐ» ይባላል፤ ከስሩ «ተዋንያን፦ የማኅበሩ አባላት»። አምሐ «እኔን የሚጠይቁብኝ ሰው የለኝም፣ ሁሉም አልቀዋል» ይል ነበር፤ እውነቱን ነው። ዋንጫው ላይም የሚቀረጸው የሱ ስም ብቻ ሆነ። በሰማንያ አምስት አምሐ። በሰማንያ ስድስትም አምሐ።

በሰማንያ ሰባት «የቦኖ ሰልፍ» መጣ። ቦኖ ጋ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈው ስለሚውሉ ሴቶች ነው። ሀረገወይን እንስራዋን ሰልፍ አስይዛ የምትሄደዋን ሴት ሆና ትጫወታለች። አምሐ የጻፈላት ግጥም ረጅም ነበር፤ ከመጽሐፍ የወጣ የሚመስል። በልምምድ ላይ ሦስት ጊዜ ተሰናከለችበት። በአራተኛው ላይ ደነገጠችና ከራሷ አፍ ያልታሰበ ነገር ወጣ፦

እንስራዬ ቀድማኝ ሰልፍ ይዛልኛለች፤
ሰው ቢገፋት እንኳ አልነሳም አለች።

«ቆይ! ቆይ! እሱን ድገሚው!» ብሎ አምሐ ከወንበሩ ተነሳ። ደገመችው። አራት ስንኝ ጨመረችበት። እሱ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ካሴቱ ሲወጣ ግጥሙ የአምሐ ነው ተባለ።

ያ ዘፈን ያልገባበት ቤት የለም። ሳን ሆዜ ሠርግ ላይ ሲጨፍሩበት ሀረገወይን ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። አንዲት ሴት ላቧን እየጠረገች መጣችና «ይቺን ዘፋኝ ብታውቂያት! ሎስ አንጀለስ ነው አሉ የምትኖረው» አለቻት።

«እንደዚህ ነው?» አለች ሀረገወይን።

እማማ ኣልጋነሽ አጠገቧ ነበሩ። የአስመራ ሴት ናቸው፤ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ኖረዋል፤ አሁን ሳን ፓብሎ አንድ አፓርትመንት ውስጥ አብረዋት ይኖራሉ። በቲያትሩም አብረዋት ይዘፍናሉ። መኪና ውስጥ ሲገቡ ፈነዱ።

«‘እንደዚህ ነው?’ ትያለሽ? አፍሽን ለዘፈን ብቻ ነው የሰጠሽ?»

«ምን ልበላት እማማ?»

«‘እኔ ነኝ’ በያታ! ሁለት ቃል ናት!»

ሀረገወይን መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋችው። «ዘነበስ?» አለች። ዘነበ አዲስ አበባ ያለ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራል። ስሟ ካሴት ላይ ቢወጣ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። እማማ ኣልጋነሽም ነገሩን ተዉት፤ የሳቸውም ልጅ አስመራ ነው።

በነሐሴ ደብዳቤ ደረሳት። በፖስታ አይደለም፤ በጄኔቭ በኩል የመጣ ሰው በእጁ ይዞላት ነው። ሀረገወይን ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ፊደል በፊደል ነው የምትሄደው። ጮክ ብላ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ለእማማ ኣልጋነሽ አነበበችላቸው።

«እህቴ ሀረግ፣ ካሴቱ እዚህ ከደረሰ ሦስት ወር ሆነው። መጀመሪያ የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው፤ ፈርቼ ሹፌሩን ‘ዝቅ አድርገው’ አልኩት። አሁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ‘የሀረግ ካሴት’ ነው የሚለው። ባለፈው የቀበሌው ሊቀመንበር ጠራኝ። ያስረኛል ብዬ ሄድኩ። በሩን ዘጋና ‘የእህትህን ካሴት አስቀዳልኝ፣ የኔን ቴፑ በላብኝ’ አለኝ። ስምሽን ግን ሽፋኑ ላይ አጣሁት። ለኔ ብለሽ ከሆነ መደበቁን ተይው። ድምፅሽን የማያውቅ እዚህ ማን አለ?»

እማማ ኣልጋነሽ ሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪወርድ። ሀረገወይን አልሳቀችም። ደብዳቤውን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«አራት ዓመት ከማን ነው የተደበቅሁት?» አለች።

በሚቀጥለው ኦፍ ቀኗ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ ካለ አሮጌ የዘፈን ሸክላ መሸጫ ገባች። እንግሊዝኛ አታነብም ማለት ይቻላል። ባለሱቁን «ቲያትር ሶንግ» አለችው፤ ሰውየው አንድ ሙሉ መደርደሪያ አሳያት። አንድ በአንድ እያወጣች ጀርባ ጀርባውን አየች። ሁሉም በስም የተሞላ ነው፤ ከግራ ስም፣ ከቀኝ ስም። በጣቷ እያሳየች «ዚስ?» ስትለው ሰውየው በእጁ ምልክት እየጨመረ ነገራት። ይሄ ንጉሡ ነው፣ ይቺ ልጅቷ ናት፣ ይሄኛው ደግሞ በር ከፍቶ የሚወጣ ብቻ ነው። በር የሚከፍተው እንኳ ስም አለው።

ቅዳሜ ከልምምድ በፊት አምሐን ለብቻው አገኘችው። ደብዳቤውን ሰጠችው። አንብቦ መለሰላት።

«ጋሼ አምሐ፣ ስሜ ይጻፍልኝ። ዋንጫው ሲሰጥም ይጠራ።»

«አንድ ደብዳቤ ነው ሀረግ። ሊቀመንበሩ ነገ ቢቀየርስ? የመጣው ሰው ዘፈን ባይወድስ? ደም እጄ ላይ አላደርግም።»

«ቢቀየር ድምፄንም ልቀይር ነው?»

አምሐ እንዲህ ስትመልስ ሰምቷት አያውቅም። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ ደንቡም አይፈቅድም። አሜሪካኖቹ ትልቁን የሙዚቃ ሽልማታቸውን ለደራሲና ለአዘጋጅ ነው የሚሰጡት። ጋሻው ወረቀቱን አምጥቶ አሳይቶናል፤ እኛ ከነሱ ነው የቀዳነው።»

«ባይሸልሟቸውም ሽፋኑ ላይ ይጽፏቸዋል። ሄጄ አይቻለሁ።»

«የት ሄደሽ?»

«አይቻለሁ አልኩዎት።»

«ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» አለና ወደ አዳራሹ ገባ። እሷም ተከትላው ገባች፤ በልምምዱም እንደ ወትሮው ዘፈነች። አምሐ ነገሩ ያለቀ መሰለው።

የሽልማቱ ቀን በጥቅምት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳን ሆዜ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። ጋሻው ክራቫት አስሮ፣ ደንቡን አንብቦ፣ ለሦስተኛ ጊዜ «አምሐ!» ብሎ ጠራ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። አምሐ ዋንጫውን ተቀብሎ ጎንበስ አለ።

«አሁን እንደ ልማዳችን» አለ ጋሻው፣ «የቦኖ ሰልፍ!»

አሥሩ ዘፋኞች ወጡ። ሀረገወይን ማይኩ ፊት ቆመች። ኪቦርዱ መግቢያውን መታ፤ የሷ ተራ ደረሰ፤ ዝም አለች። ኪቦርድ ተጫዋቹ አያት፣ እንደገና ከመጀመሪያው መታ። ዝም።

«ማይኩ ጠፍቷል!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«በርቷል» አለች ሀረገወይን በማይኩ። ሰው ሳቀ። ሁለት መቶ ሰው ሲያያት ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፣ ስትዘፍን ዓይኗን ስለምትጨፍን። «ሽልማቱ የጋሼ አምሐ ነው። ካሴቱም ላይ ያለው ስም የሳቸው ብቻ ነው። እንግዲህ ዘፈኑንም እሳቸው ይዝፈኑት።»

«ኦሆሆ!» አለ አዳራሹ።

አምሐ ተጠጋት። «ሀረግ፣ አታዋርጂኝ» አላት በሹክሹክታ።

«እኔ ምን አደረግሁ? ዋንጫውን ይዘዋል፤ ይዝፈኑ።»

አምሐ ኩሩ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከመድረክ ሮጦ ወርዶ አያውቅም። ዋንጫውን መሬት አስቀመጠና ማይኩን ያዘ። «እንስራዬ ቀድማኝ...» ድምፁ እንደ ቫኑ ፍሬን ሲጢጥ አለ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «ሰልፍ ይዛልኛለች... ሰው...» ቆመ። ኪቦርዱ ጠበቀው። አምሐ ወደ ሀረገወይን ዞረና፣ ማይኩ አፉ ላይ እንዳለ፣ «ቀጥሎ ምንድነው የምትይው?» ብሎ ጠየቃት።

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ። ሳቁ ቆመ። ደራሲው የገዛ ግጥሙን የሚጠይቃት ለምንድነው? ሀረገወይን አልነገረችውም። ከዚያ አምሐ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ወደ ሰው ዞረ።

«ግጥሙ የሷ ነው» አለ። «እኔ ደብተሬ ላይ ነው የጻፍኩት እንጂ ያወጣችው እሷ ናት። ስሟንም ፈርቼላት ነው ስል ነበር... መጀመሪያ እውነቴን ነበር የፈራሁት። በኋላ እንጃ።»

ጋሻው ደንቡን አገላበጠ። «እዚህ ላይ እኮ ለደራሲና ለአዘጋጅ ነው የሚለው...»

«ደራሲዋ እኔ ነኛ!» አለች ሀረገወይን። «ብዕር የለዎትም? ይጻፉ። ሀረገወይን ጥሩነህ መንገሻ። የቦኖዋ ሴት።»

ጋሻው ከደረት ኪሱ ብዕር አውጥቶ በደንቡ ወረቀት ጀርባ ጻፈ። ከኋላዋ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገና የራሱን ስም ተናገረ። ሌላው ቀጠለ። ስድስት ሰው ስሙን ሰጠ። ሦስት ሰዎች ወለሉን ያዩ ነበር፤ ከነሱ አንዷ እማማ ኣልጋነሽ ናቸው።

«የኔን አትጻፍ» አሉ። «ልጄ አስመራ ነው።»

«ፈሩ እማማ!» ብሎ አንድ ጎረምሳ ከመሀል ጮኸ።

ሀረገወይን ማይኩን ከአምሐ እጅ ነጠቀች። «ማነው እሱ? ማንም እሳቸውን እንዳይናገር! ስማቸው የራሳቸው ነው። ሲፈልጉ ይሰጣሉ፣ ሲፈልጉ ይይዛሉ። እኔ የተጣላሁት የኔን ሌላ ሰው ስለያዘብኝ ነው!»

ጎረምሳው ቁጭ አለ። እማማ ኣልጋነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ሁለት ቃል ብዬሽ ነበር፤ አበዛሽው» አሏት። ሰው ሳቀ፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«በይ አሁን ዝፈኚልን» አላት ጋሻው ላቡን እየጠረገ።

«መጀመሪያ ያንብቡት።»

«ጻፍኩት እኮ፣ ሀረገወይን።»

«ያንብቡት። በማይኩ።»

ጋሻው ወረቀቱን ወደ መብራቱ አዞረና ከላይ ጀመረ። ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ አነበበ፤ የስድስቱንም አነበበ፤ ቆም አለና «ስማቸውን ለራሳቸው የያዙ ሦስት» ብሎ ጨረሰ። ሀረገወይን እስከ መጨረሻው ጠበቀችው። ከዚያ ለኪቦርድ ተጫዋቹ በአገጯ ምልክት ሰጠችውና፣ ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ጀመረች።