ትናንት ንጹህ ውሃ ጠጣሁ

የእንግሊዝኛ ኢሬጉላር ቨርቦችን ከነሦስት መልካቸው ዛሬም ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አንዷን ሳልስት እወርዳቸዋለሁ። ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ኢት፣ ኤት፣ ኢተን። ሰው ሲሰማኝ ጎበዝ ይለኛል። ይህ ጉብዝና ቤታችንን ምን እንዳደረገው ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የተወለድኩት ከሚዛን ተፈሪ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ የቡና መንደር ነው። ቤት ውስጥ የምናወራው ቤንችኛ ነው፤ አማርኛን ከገበያና ከትምህርት ቤት ለቀምኩ። እንግሊዝኛ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚኖር ቋንቋ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ያስተማሩን መምህር ለእያንዳንዱ ቨርብ አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥተውናል፤ አንድ ብቻ። በዱላቸው ሰሌዳውን መታ ሲያደርጉ ሰማንያ ልጅ በአንድ አፍ ሦስቱን መልክ ይጮሃል፣ ዓረፍተ ነገሩ ይከተላል፣ የተባለው ነገር አጠገባችን ካለ ደግሞ በእጃችን እናመለክታለን። ስለ መስኮት ስንል ወደ መስኮቱ፣ ስለ ውሃ ስንል በሩ ሥር ወደተቀመጠው ጀሪካን።

«ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድራንክ። አይ ድራንክ ክሊን ዋተር የስተርዴይ!»

ትናንት ንጹህ ውሃ ጠጣሁ ማለት ነው። ጀሪካኑ ባዶ በሆነበት ቀንም እጃችን ወደዚያው ይዘረጋል።

አንድ ጊዜ ፈተና ላይ ከራሴ አውጥቼ «አባቴ ትናንት ቦርዴ ጠጣ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አባቴ የጠጣው እውነትም ቤት የተጠመቀ ቦርዴ ነበር። መምህሩ በቀይ ሰረዙትና ክፍሉ ፊት አቆሙኝ። «ይሄን ማን ሰጠሽ?» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዓረፍተ ነገሩ አንድም ስህተት እንዳልነበረበት ዛሬ ራሴ መምህር ሆኜ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ያወቅኩት አንድ ነገር ነው፦ ካልተሰጠሽ አትናገሪ። ከዚያ በኋላ የተሰጠኝን ብቻ ጻፍኩ፤ በዚያው ዓመት አንደኛ ወጣሁ።

ከመንደራችን በላይ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ። ቀይ ቡና ሲደርስ ጣቢያው ቡናውን ይፈለፍላል፣ ያጥባል፣ እጣቢውን ደግሞ እኛ ወደምንቀዳበት ወንዝ ይለቃል። ለቀማው እስኪያልቅ ውሃው ጠቁሮ ይሸታል። ላማችን እንኳ አሽትታው ትመለስ ነበር፤ እኛ ግን እንጠጣው ነበር። ሌላው ምንጭ ያለው ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፣ እናቴ ደግሞ ወገቧን ታማለች። በዚያ ዓመት ታናሽ እህቴን ሆዷን ሲቆርጣት ከረመ። አባቴ ቀበሌ ሄዶ አቤት አለ፤ «እናያለን» ተባለ። ደግሞ ሄደ፤ ደግሞ «እናያለን» ተባለ።

ቡናውን የሚገዙት ፈረንጆች ጣቢያውን ሊጎበኙ ነው የሚል ወሬ የመጣው በዚህ መሀል ነው። አባቴ የዚያን ቀን ፊቱ በራ።

«የጣቢያው አስተርጓሚ የእኔን ነገር አያስተረጉምልኝም» አለኝ። «አንቺ አለሽልኝ። በራሳቸው ቋንቋ ንገሪያቸው። ውሃችን ተበላሸ፣ ልጆቼ ታመሙ በያቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እሺ አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ደብተሬን አገላበጥኩ። «ተበላሸ» የሚል አልተሰጠንም። መምህሩን ልጠይቅ አስቤ ተውኩት፤ አንደኛ የወጣች ልጅ ምን ብላ ትጠይቃለች? ኩራቴ ይህን ያህል ነበር። ለአባቴም አልችልም አላልኩትም።

በቀኑ አባቴ ለለቅሶ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ እጄን ይዞ፣ ሕዝቡን እየሰነጠቀ ወንዙ ዳር ከቆሙት እንግዶች ፊት አደረሰኝ። አስተርጓሚው «ምን ፈልጋችሁ ነው?» ቢል፣ «ልጄ ራሷ ትነግራቸዋለች» አለው። አንዲት ፀጉሯ የሸበተ ፈረንጅ ጎንበስ ብላ አየችኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። የሰማሁት «ዋተር» የሚለውን ብቻ ነው።

ሕዝቡ ያያል፣ አባቴ ያያል። ከዚያ በጆሮዬ ውስጥ ዱላው ሰሌዳውን መታ ሲያደርግ ሰማሁ፤ አፌም እንደ ለመደው ተከፈተ።

«አይ ድራንክ ክሊን ዋተር የስተርዴይ!»

እጄም እንደ ለመደው ተዘረጋ፤ ወደ ወንዙ።

ሴትዮዋ አጨበጨበች። ከዚያ ፎቶ አነሳችኝ፣ ማስታወሻዋ ላይም ጻፈች። አስተርጓሚው አንዴ እኔን፣ አንዴ ውሃውን አየና «ጎበዝ!» አለኝ። ያ ሰው ሁሉን ያውቅ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ራሴንም አላልኩም። «ዋተር ባድ» ብል ይበቃ ነበር እኮ። ሁለት ቃል። ሁለቱንም አውቃቸው ነበር።

መኪናቸው ሲሄድ አባቴ «ነገርሻቸው?» አለኝ።

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

ዓይኔን በጨው ታጥቤ «እናያለን አሉ» አልኩት።

«ፈረንጅ እናያለን ካለ ያያል» አለ። ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሚዛን ገበያ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት፣ ልጄ በቋንቋቸው ነገረችልኝ እያለ አወራ። እኔ እሰማለሁ። ቤተሰቡም መፍትሔው እየመጣ ነው ብሎ ከዚያው ወንዝ መቅዳቱን ቀጠለ። የሚቀጥለው ለቀማ ደረሰ፤ ውሃው እንደገና ጠቆረ።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። አባቴ ተነስቶ፣ በተሰባበረ አማርኛው፣ «ለፈረንጆቹ ሳይቀር ተነግሯል፤ ልጄ ነግራለች» አለ። ሊቀመንበሩ ከፋይሉ ውስጥ ፈረንጆቹ አሳትመው የላኩትን አንድ ባለ ቀለም ወረቀት አወጣና ከፍ አደረገው። ፎቶው እኔ ነኝ። እጄ ወደ ወንዙ ተዘርግቷል። ከሥሩ ያለውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «የመንደሩ ተማሪ፣ ትናንት ንጹህ ውሃ ጠጣሁ ስትል።»

«የገዛ ልጅህ መስክራለች» አለው። «አንተ ከእሷ በልጠህ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። አባቴ ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ ተቀመጠ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ወደ እኔ ዞር አላለም።

ወደ ቤት ስንመለስ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። ወንዙን የምንሻገርበት ግንድ ላይ ስንደርስ ቆመ።

«ያልሻቸው ይሄን ነው?»

«አዎ።»

ውሃውን አየት አደረገ። «ለመሆኑ ትናንት የጠጣነው ከየት ነበር?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ተሻገረ።

አሁን ከሚዛን አጠገብ ባለችው አማን ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። መጽሐፉ ተለውጧል፣ ፈተናው ግን ያው ነው። የተሰጠውን ዓረፍተ ነገር ለጻፈ ልጅ ሙሉ ማርክ እሰጣለሁ፤ እኔም እንደ መምህሬ ሆኛለሁ፣ ይህንንም አውቄው ነው የማደርገው። ልጆቹን ከራሳችሁ ጻፉ ባልኳቸው ዓመት ብዙዎቹ ወደቁብኝ።

መንደር ስሄድ አባቴ ተነስቶ ውሃ በጣሳ ይቀዳልኛል። በዚህ ዕድሜው በየማለዳው ጀሪካን አዝሎ ዳገቱን ይወጣል። ስለዚያ ቀን አንዴም አንስቶብኝ አያውቅም። ጣሳውን ሲያቀብለኝ ግን፣ ሳልጠይቀው፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኛል፦

«ከላይኛው ምንጭ ነው። ጠጪ።»