ተኝቼ ያዘጋጀሁት የጎልፍ ውድድር

ይህ የሆነው ባለፈው ሰኔ፣ የድሬዳዋ ሙቀት በሚብስበት ሰሞን ነው። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት ጎልፉን ወድጄው አይደለም። ጎልፍ ላይ ማን እንዴት እንደሚያሸንፍ አሁንም በቅጡ አልገባኝም። ያልረሳሁት የዚያን ቀን እንቅልፍ ስለተኛሁ ነው።

የምሠራው አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ነው። የሥራ መደቤ የሰው ኃይል ይባላል እንጂ ለቅሶ ሲኖር የማስተባብረው፣ ሰው ሲዳር ስጦታ የምመርጠው፣ ሰው ሲሸኝ ኬክ የማዘው እኔ ነኝ። «ለእሷ ተዉት፣ ታውቅበታለች» ይላሉ። እኔም እሺ ስል ኖሬያለሁ።

እቤት ደግሞ እናቴ አለች። ግራ ጎኗን ካመማት ወዲህ ሌሊት ትጠራኛለች። አገላብጬ፣ ውኃ አጠጥቼ ጋደም ስል መልሳ ትጠራኛለች። በእሷ አልማረርም። ግን ሌሊቱን ሙሉ ከተኛሁ በጣም ቆይቼ ነበር። አዳማ ያለችው እህቴ «ይዘሻት ነይ፣ ተራ በተራ እንጠብቃታለን» ስትለኝ የዓመት ፈቃድ ጠየቅኩ።

አለቃችን አቶ ብርሃኑ ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡት በቅርቡ ነው። ጎልፍ እዚያው ለምደው ኖሮ ዱላዎቹን በረጅም ቦርሳ ጭነው ነው የመጡት። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ «ሠራተኛው የሚቀራረብበት ትንሽ የጎልፍ ውድድር እናድርግ» አሉ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ።

ስለ ፈቃዴ ሳነሳባቸው «ይቺን ውድድር አሳምሪልኝና ወዲያው እፈርማለሁ። አንቺ ከሌለሽ እኮ አንድም ነገር አይንቀሳቀስም» አሉኝ። ውድድሩ ከተበላሸ ፈቃዱም አብሮ ይቀራል ማለት ነው።

ድሬ ውስጥ ሣር ያለበት የጎልፍ ሜዳ ከየት ይመጣል? ወደ ቢዮ አዋሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠጠር የሞላበት ባዶ ሜዳ አገኘን። መጋዘን ከሚሠራው ሙክታር ጋር ሆነን ጉድጓድ እየቆፈርን ባዶ የወተት ጣሳ ቀበርንበት። ለባንዲራ የሚሆን ደማቅ ሽርጥ መጋላ ገበያ ሄጄ ገዛሁ። ሻጩ «ለማን ነው?» ሲለኝ «ለጉድጓድ» ብዬ መለስኩለት። «ወላሂ እቺን ልጅ ፀሐይ መቷታል» አለ ለጎረቤቱ። ነጩ ኳስ አሸዋው ላይ አልታይ ስላለ በጥፍር ቀለሜ ቀይ ቀባሁት።

ከሁሉ የባሰው ሰዓቱ ነበር። አቶ ብርሃኑ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አሉ። በዚያ ሰዓት ድሬ ሱቁ ዝግ ነው። የሚቅመው ፍራሹ ላይ፣ የማይቅመው አልጋው ላይ ነው። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ይሁን ብዬ ለመንኳቸው። «ሰው ከተጠራ ይመጣል» አሉኝ።

እውነትም ሰው መጣ፣ ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ እያጉረመረመ። ሙክታር ዱላውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ «አቦ፣ በዚህ ሰዓት ግመል እንኳ ጥላ ትፈልጋለች» አለኝ። እኔ ግን ዓይኔን መግለጥ አቅቶኝ ነበር። እናቴ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም ነበር፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥቻት ነው የወጣሁት። የመጀመሪያው ሰው ኳሱን ከመምታቱ ያመጣሁት ውኃ ከሙቀቱ የተነሳ እንደ ሻይ መፍላቱን አየሁ። ቀዝቃዛ ውኃ ፍለጋ ሜዳውን አቋርጬ ወደ አንድ ቤት ሄድኩ።

በር ላይ ከዳሱ ሥር አንዲት ትልቅ ሴት ተቀምጣ ነበር። አዴ ዘሃራ ትባላለች። በእኛ አገር አዴ ካልን አንቱታው እዚያው ውስጥ አለ። ውኃ ስጠይቃት ፊቴን ትኩር ብላ አየችው።

«ውኃው አለ» አለችኝ። «አንቺ መቼ ነው የተኛሽው?»

ያን ሁሉ ጊዜ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ሆድ ባሰኝ። እንባዬ ሲመጣ አፍሬ ፊቴን አዞርኩ።

«ኮቱ፣ ነይ ግቢ። ትንሽ ጋደም በይ» ብላ ሰሌን አነጠፈችልኝ።

«አይ አዴ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«በዚህ ሰዓት ማን ነው ሥራ የሚሠራው?»

ለአፍታ ብቻ ብዬ ጎኔን አሳረፍኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም።

ስነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። አዴ ዘሃራ በሻሿ ሸፍናኛለች። ብድግ አልኩ።

«ሰዎች ፈልገውኝ መጡ?»

«ማንም አልመጣም። ውኃውን እኔ ራሴ አድርሼላቸዋለሁ» አለችኝ።

ጫማዬን በቅጡ ሳላደርግ ሮጥኩ። አለቀልኝ፣ ፈቃዴም እናቴም አዳማም ቀሩ እያልኩ ነው የሮጥኩት። ስደርስ ሁሉ ነገር አልቋል። ሙክታር አሸንፎ የተሸለመውን ፔርሙዝ አቅፎ ፎቶ ይነሳል። አንደኛውን ባንዲራ ፍየል በልታዋለች። ሰው ሁሉ ይስቃል። ማንም «የት ጠፋሽ?» አላለኝም።

አቶ ብርሃኑ ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ ወደ እኔ መጡ። «አየሽ፣ አንቺ ስላለሽ እኮ ነው ይህ ሁሉ የተሳካው! በሚቀጥለው ወር ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ። ለእነሱም እንዲሁ ታሳምሪልኝና ፈቃድሽን ከዚያ በኋላ ትወጫለሽ። ያለ አንቺ አይሆንም።»

ሌላ ቀን ቢሆን እሺ እል ነበር። የዚያን ቀን ግን እንቅልፍ ጠግቤ ነበር።

«አቶ ብርሃኑ፣ እኔ ተኝቼ ነበር» አልኩ።

«እንዴት ተኝተሽ?»

«እዚያ ቤት። ከመጀመሪያው ኳስ እስከ ሽልማቱ ድረስ። የፈለገኝም የቀሰቀሰኝም የለም። ያለ እኔ ይሆናል።»

ያላመኑኝ መሰለኝ። ሙክታር ግን ጠጋ ብሎ አየኝና «ወላሂ እውነቷን ነው! ጉንጯን እዩት፣ ሰሌኑ ታትሞበታል» አለ። ሁሉም ሳቀ። አቶ ብርሃኑም ጉንጬን አዩ። ሰኞ ጠዋት ፈረሙልኝ።

እናቴን አዳማ ወሰድኳት። እህቴ ስትጠብቃት እኔ ተኛሁ። የእንግዶቹን ውድድር ሙክታር አዘጋጀው፣ ሰዓቱን ግን ወደ አመሻሽ ገፋው አሉ።

ድካሜ ለቆኛል አልልም። ከተመለስን በኋላ እናቴ አሁንም ሌሊት ትጠራኛለች። ያን ሁሉ ሰዓት ጠፍቼ አንድም ሰው እኔን አለመፈለጉም፣ ነፃ ያወጣኝ እሱ ቢሆንም፣ እስካሁን ቅር ይለኛል። አንዳንድ ቅዳሜ እናቴን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ፣ ስኳር ይዤ አዴ ዘሃራ ጋ እሄዳለሁ። ስለ ሥራዬ ጠይቃኝ አታውቅም። ሰላምታዬን ሳታስጨርሰኝ ሰሌኑን ታነጥፋለች።