የ«መጣች» አመጣጥ

ባለፈው ሳምንት በድሮ ትምህርት ቤቴ አጥር ሥር ሳልፍ ከግቢው «መጣች በላ፣ መጣች በላ» የሚል የልጆች ጩኸት ሰማሁ። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር የረጠበ አፈርና የረጠበ ዩኒፎርም ይሸታል። ቃሏ እስካሁን በሕይወት ትኖራለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

ዲላ ካልተማርክ አታውቃትም። አንዱን ልጅ «በር ላይ ሰው ይፈልግሃል» ትለዋለህ። ደብተሩን ጥሎ ይሮጣል፤ በሩ ላይ ማንም የለም። ያ የተሸወደ ልጅ «መጣች በላ» ይባላል። ለምን «መጣ» እንደማይባል ዛሬ የሚጮኹትን ብትጠይቃቸው የሚያውቁ አይመስለኝም። እኔ አውቃለሁ፤ ያወጣኋት እኔ ነኝ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለን አንዲት ልጅ ከወርቃ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አክስቷ ዘንድ ሆና ነበር የምትማረው። ያደገችው በጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛዋ ገና ነበር። አንድ ቀን በመስኮት ወደ በሩ አየችና ብድግ ብላ፣ «ቲቸር፣ አባቴ መጣች» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ሳቃችንን ከቁም ነገር ሳትቆጥር ሮጣ ወጣች። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር።

በማግስቱ ጆሮዋ ሥር «መጣች» አልኳት። ሮጠች። በሩ ላይ ማንንም አጥታ ስትመለስ እሷም አብራን ሳቀች፤ ያልተውነውም ለዚህ ይመስለኛል። ሳምንት ሳይሞላ ግቢው ሁሉ ቃሉን ያዘው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት አርፍጄ ስሮጥ ዘበኛው በሩ ላይ አስቆመኝ። «የወርቃዋን ልጅ አባቷ ይፈልጋታል በያት። የሐዋሳ መኪና ሊሄድበት ነው፣ ቶሎ ትውጣ» አለኝ። ከጀርባው አንድ ሰው ቆሟል። ዝናብ እያካፋ ስለነበር ቀና ብዬ አላየሁትም።

«አባትሽ በር ላይ ነው» አልኳት ገብቼ።

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ከኋላችን አንዱ «መጣች» አለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ለምን እንደሳቅኩ ዛሬም ድረስ አላውቅም። እሷ ፈገግ ብላ፣ «ዛሬስ አልበላም» አለችና ተደላድላ ተቀመጠች። ደግሜ ልነግራት እችል ነበር። መምህሩ ገባ፤ ደብተሬን አወጣሁ።

ከትምህርት ስንወጣ ዘበኛው በቅጠል የታሰረ ጥቅል ሰጣት። «ብዙ ጠበቀሽ፣ የኔ ልጅ። ለሕክምና ነው የሚሄደው፤ አሞታል» አላት። ጥቅሉን እንደታቀፈች እስከ መናኸሪያ ሮጠች። መኪናው ከሄደ ቆይቷል።

አባቷ ከሐዋሳ በሕይወት አልተመለሰም።

ከለቅሶው መልስ እንደ ድሮዋ አጠገቤ ተቀመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያን ቀን አይተሽዋል አይደል? ምን ለብሶ ነበር?» አለችኝ።

አላየሁትም ማለት አቃተኝ።

«ኮት» አልኳት። «ቡናማ ኮት።»

ትንሽ አሰበች። «ኮት የለውም» አለችና ደብተሯን ገለጠች።