መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈው ቀይ ጨርቅ

ሰፈራችን ከወንዙ ዝቅ ብላ የተቀመጠች ናት። ውሃው እንዳይውጠን የሚከልለን ስድስት ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ብቻ ነው። የዚህ ግድብ ጠባቂ አንድ ሰው ነው፤ «ሜትሮ» እንለዋለን። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጧትና ማታ ወንዙ ውስጥ የቆመውን መለኪያ ያነባል፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ከዚያ ግድቡ አናት ላይ ካለው ምሰሶ ጨርቅ ይሰቅላል። ነጭ ከሆነ እንተኛለን፤ ቀይ ከሆነ ጓዛችንን ጠቅልለን እንወጣለን። ከእኛ መካከል ቁጥሩን ማን ያነባል?

ቀዩ የሚሰቀለው ውሃው አራት ሜትር ሲደርስ ነበር። ከዚያ ለግድቡ ቢሮ አዲስ ኃላፊ መጡ። እኚህ ሰው ጎርፍ አይፈሩም፤ የሚፈሩት ደብዳቤ ነው። ቀይ በተሰቀለ ቁጥር ደግሞ ለበላይ መሥሪያ ቤት ምክንያቱን በጽሑፍ ማስረዳት ግድ ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹን ሰብስበው አስወሰኑ፦ ከእንግዲህ ቀይ የሚሰቀለው በስድስት ሜትር ነው። ማለትም ውሃው ግድቡን ሲሻገር፣ እኛም ስንዋኝ። ጨርቁንም «ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ» ብለው መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉበት። ለእኛ ግን የነገረን የለም። ሁለት ክረምት፣ ውሃው አራት ሜትር ሲያልፍም፣ ነጭ ብቻ ተሰቀለ፤ ቢሮውም «ከጎርፍ ስጋት ነፃ» ተብሎ ተሸለመ። ሜትሮስ ምን አለ? ውሳኔው ላይ ፈረመ። ጡረታው ቀርቦ ነበራ!

በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ፣ አንድ ቀን ከሰዓት መለኪያው አምስት ሜትር ከሃያ ሳንቲም ደረሰ፤ ከግድቡ ሥርም ድፍርስ ውሃ ይፈልቅ ጀመር። ሜትሮ ሥልጠና ላይ ለነበሩት ኃላፊ ደወለ።

«ስድስት ሞላ?»

«አልሞላም። ግን ግድቡ ከሥሩ እያፈሰሰ ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ሰኞ እመጣለሁ።»

ከግድቡ ሥር የመጀመሪያዋ ቤት የታላቅ እህቱ ናት፤ ልብስ ሰፊ ነች። ሜትሮ እየሮጠ ገባ።

«እትዬ፣ ተነሺ! ቶሎ ውጪ!»

እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ሳታነሳ በመስኮት አየች። «ነጭ ነው እኮ። አንተው አይደለህ የሰቀልከው?»

«እኔው ነኝ። ዋሽቼ ነው።»

መኪናው ቀጥ አለ። ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ከዚያ አርባ ሦስት በር አንኳኳ፤ በየበሩም ያችኑ ደገመ፦ «ጨርቁን አትመኑት፤ ዋሽቼ ነው።» አንዱ አባቱን ሰደበው። አንዷ «ቆይ ባለቤቴ ይምጣና ለእሱም ንገረው» ብላ አስቆመችው። እኔም ላልዋሽ፣ «ይሄ ሰውዬ ለየለት» ብዬ በሩን ዘግቼበታለሁ፤ የወጣሁት ጎረቤቶቼ ፍራሽ ተሸክመው ሲያልፉ አይቼ ነው። ሊመሽ ሲል ግድቡ ተናደ። ቤታችንን ወሰደው፤ ሰው ግን አንድም አልሞተም። የቢሮው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ «ውሃው ስድስት ሜትር ስላልሞላ ክስተቱ በጎርፍነት አልተመዘገበም።» ሜትሮ ግን ሕዝብ አሸብሯል ተብሎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት።

በተጠለልንበት ትምህርት ቤት ሁላችንም ተራ በተራ እጁን ጨበጥነው። እህቱ ብቻ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ፈራ ተባ እያለ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?»

«አውጥተኸኛል፣ ዕድሜ ይስጥህ» አለችው። «ግን ሁለት ክረምት ሙሉ መብራት ከማጥፋቴ በፊት ወደ ግድቡ አይ ነበር። ነጩን ሳይ፣ ‹ወንድሜ እዚያ አለ› ብዬ ነበር የምተኛው።»