ጀሶው የተሰበረበት መስመር

የማኅበራችን የአዳማ ቅርንጫፍ ለብዙ ጊዜ ሻይና ብስኩት ማለት ነበር። መሐንዲሶች ተሰብስበን ስለ ሲሚንቶ መወደድ እናማርራለን፣ አዲስ የሥራ አመራር እንመርጣለን፣ የቡድን ፎቶ ተነሥተን እንበተናለን። እኔ አባል የሆንኩት ሰው ለማወቅና ሥራ ለማግኘት ነው። በሳምንቱ መካከል ዱከም የፋብሪካ ሕንፃ አሠራለሁ፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ማታ አቧራ ለብሼ እመለሳለሁ። ቅዳሜሽን ለበጎ ፈቃድ ስጪ ቢሉኝ ኖሮ፣ መጀመሪያ ቅዳሜ ይኑረኝ እንጂ እል ነበር።

ከዚያ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነኝ፤ ከእግራችን ሥር እሳት እንዳለ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ በፍል ውሃችንም ታጥቤ አድጌአለሁ። ይህን ሁሉ ማወቅ ግን አልጋ ሲወዛወዝ ምንም አይጠቅምም። ብርጭቆው ቁም ሳጥን ውስጥ ይንጫጫል፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ በአንድ አፍ ይጮኻል፣ ወዲያው ደግሞ ጸጥ ይላል። ከሁሉም የሚከብደው ጸጥታው ነበር። ሰው ፍራሹን እያወጣ ደጅ ማደር ያዘ።

የቅርንጫፋችን ሰብሳቢ ዕድሜያቸውን በመንገድ ሥራ የፈጁ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው። በቴሌግራም ቡድናችን አንዲት መስመር ጻፉ፦ «ቅዳሜ ጠዋት፣ ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ። ሻይ የለም።» ቤታቸው የተሰነጠቀባቸውን ሰዎች በነጻ እየዞርን ልናይ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነን ስንመደብ እኔ ከራሳቸው ከሰብሳቢው ጋር ሆንኩ። በአንድ እጃቸው መዶሻ፣ በሌላው ጀሶ የሞላበት ፌስታል ይዘው መጡ።

የጀሶው ሥራ ቀላል ነው። ስንጥቁን አቋርጦ ከመዳፍ የማይበልጥ ቀጭን ጀሶ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና በላዩ ቀን ይጻፍበታል። ጀሶ ከደረቀ በኋላ ግትር ነው፤ አይለጠጥም። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል፣ ካልተንቀሳቀሰ እንዳለ ይቆያል። ተመልሶ ያየው ሰው ስንጥቁ የቆመ ይሁን ገና የሚሄድ ከዚያ ያውቃል። ጀሶው ራሱ ምንም ነገር አይጠግንም። ይህን መሐንዲስ ሁሉ ስለሚያውቀው ለማንም መንገር ትዝ አላለንም።

በከተማው ጫፍ፣ ወደ አሮጌው እሳተ ገሞራ ተራራ ጠጋ ባለው ሰፈር፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንዲት እናት ቤት ደረስን። ባላቸው ሞተዋል፤ ሁለት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። እኔ እማማ አልኳቸው። «አካም ጅርቱ! ግቡ፣ ግቡ!» አሉን ከበር። ሰብሳቢያችን «ፈያ፣ ነጋ» ብለው በኦሮምኛ መለሱና ጨዋታው በአማርኛ ቀጠለ። ቤቱን ከባላቸው ጋር፣ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ብሎኬት እየገዙ፣ በስንት ዓመት ነው የጨረሱት። አሁን የሳሎኑ ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል በሰያፍ ተሰንጥቋል። መሬቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግቢው ውስጥ ሸራ ወጥረው ያድራሉ፤ ትንሿ የልጅ ልጃቸው ደግሞ አስም አለባትና የሌሊቱ ንፋስ እያፈናት ነው።

«ይህችን ልጅ ወደ ቤት ላስገባት ነው የምፈልገው» አሉ እማማ። «ሌላ ምንም ጥያቄ የለኝም።»

ሰብሳቢያችን ጀሶውን በሳህን በጥብጠው፣ ከስንጥቁ አናት፣ ከመሀሉና ከግርጌው ለጠፉ። ሳይሰነጠቅ የቀረውን የጓዳ ግድግዳ ጥግም አልተዉትም። እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያያሉ። ባላቸው እግራቸው ተሰብሮ ሐኪም ቤት ሲሄዱ እንደዚሁ ጀሶ እንደታሰረላቸው፣ ከዚያም ድነው አሰላ ድረስ ለለቅሶ እንደሄዱ አጫወቱን። ሳቅን። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ «ይሻለዋል?» አሉ።

«እናያለን፣ እናቴ» አሉ ሰብሳቢያችን። እማማ ለውዝ በወረቀት ጠቅልለው አስያዙንና ሄድን።

በየሳምንቱ ተመልሰን እናያለን ያልነው ሳይሆን ቀረ። ዱከም የኮንክሪት ሙሌት ነበረብኝ፤ ሰብሳቢያችንም ወደ ሁሩታ የተሰነጠቀ ትምህርት ቤት እንዲያዩ ተጠርተው ነበር። እንደገና የሄድነው የክረምቱ ደመና ሲያረብብ ነው። ከባጃጅ ወርደን ወደ ሰፈሩ ስንገባ የተሳሳተ ቦታ የመጣን መሰለኝ። በየግድግዳው፣ በየአጥሩ፣ በሱቁ ደረጃ፣ በመዋዕለ ሕፃናቱ ቅጥር፣ በመስጊዱ የውዱእ ቦታ ሳይቀር መዳፍ መዳፍ የሚያህል ነጭ ጀሶ ተለጥፏል። ስንጥቅ ያለበትም የሌለበትም አልቀረም። ሁሉም ላይ ቀን ተጽፏል፤ አንዱ በማርከር፣ አንዱ በከሰል፣ አንዱ በቀይ የጥፍር ቀለም። የውሃ ጋኗ ላይ የለጠፈችም አለች።

በጣም ያስቀኝ ነበር፣ አንድ ነገር ባላይ ኖሮ። ሸራዎቹ የሉም። በየግቢው ተወጥሮ የነበረው ሁሉ ተነሥቷል። ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ ነው የሚያድረው ማለት ነው።

እማማ በደስታ ተቀበሉን። «ሰፈሩን ሁሉ አከምነው!» አሉ። «ከእናንተ አይቼ እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው። ልጅቷም ያኔውኑ ገባች፤ ሳሏ ጥፍት አለ።»

ስቆጣ ድምፄ ልክ የለውም፤ ዱከም ያሉ ግንበኞች ይመስክሩ። «ምን አደረጋችሁ? ይሄ እኮ መድኃኒት አይደለም!» ብዬ ጀመርኩ። ሰብሳቢያችን ግን እጅጌዬን ጨምድደው ያዙኝ። «ዝም በይና ተመልከቺ» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የነበሩት የእኛ ጀሶዎች ብቻ አይደሉም። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሌላ አለ፣ ከእሱም ሥር ሌላ፤ እንደ ደረጃ እየወረደ። ሁሉም ለሁለት ተሰብሯል። «ይቺ እልኸኛ ናት» አሉ እማማ ግድግዳውን እየተቆጡ። «ትሰብርብኛለች፣ እኔም ሌላ እለጥፋለሁ። ቀኑንም እንደ እናንተ እጽፋለሁ።» የጓዳዋ ጀሶ ግን እንዳለች ነበረች። ወጥተን በቀኝ ያለውን የጎረቤት ጀሶ አየን፤ ደህና ነው። በግራ ያለውንም አየን፤ እሱም ደህና ነው። ከኋላ ያለው የማድቤቱ ጀሶ ግን ተሰብሯል። ከማድቤቱ ወዲያ ያለው አጥርም እንዲሁ።

ሰብሳቢያችን ፌስታሉን አስቀምጠው መራመድ ጀመሩ። እኔም ተከተልኩ። ሰዉም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው እየወጣ ተከተለን፤ «የእኛ ደህና ነው!» ይላል አንዱ፤ «የእኔ ተሰብሯል፣ ኑ እዩልኝ!» ትላለች ሌላዋ። የተሰበረው ካለበት ወደሚቀጥለው የተሰበረ እንሄዳለን። ከማድቤት ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ ሱቁ ደረጃ፣ ከደረጃው ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ቅጥር። ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይልም። ወዲህና ወዲያ ያለው ሁሉ ድኖ፣ መሀል ለመሀል አንድ መስመር ብቻ ተሰብሯል፤ እኛ በገመድ ወጥረን የመሠረት ቁፋሮ የምናሰምርበት ዓይነት ቀጥ ያለ መስመር።

ከመጨረሻው አጥር ወዲያ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ነው። ማሳው ላይ ምንም አይታይም፤ ሣር ብቻ። ማዶ ግን፣ በዚያው መስመር ትክክል፣ ተራራው ቆሟል። ያኔ ገባኝ። የቤቶቹ ጉዳይ አልነበረም። ምድር ራሷ ከሥር ልትከፈት ነው፤ ልትከፈት ያሰበችበትንም ቦታ በእነዚህ ሰዎች ጀሶ ላይ አሳይታናለች። እንዲህ ያለ ነገር በመሣሪያ ለመለካት ብንነሣ በየቤቱ ማን ያስገባን ነበር? ማንስ በየጠዋቱ እየተነሣ ያይልን ነበር? አንድ ሰፈር ሙሉ በስሕተት፣ በፍቅርና በተስፋ ብቻ ለክቶ አስቀምጦልናል። ሰብሳቢያችን ባርኔጣቸውን አወለቁ። የመስጊዱ ዘበኛ «ሱብሓን አላህ» አሉ።

በዚያው ከሰዓት የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ሰብሳቢያችን በሁለቱም ቋንቋ አስረዱ፦ ጀሶ አያድንም፤ የተሰበረበት ቤት ሰው አይደርበት፤ ዝናቡ ሲገባ ከሥር ያለው አፈር እየተሸረሸረ መሬቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። እማማ ከተቀመጡበት ተነሡ።

«እንግዲያው ልጄን ሞት ላይ ነው ያስተኛኋት?»

ወደ እኔና ወደ ሰብሳቢያችን ዞሩ።

«ጠይቄአችሁ ነበር እኮ» አሉ፤ ሳይቆጡ። «ይሻለዋል ወይ ብዬ። እናያለን አላችሁኝ።»

ሰብሳቢያችን አንገታቸውን ደፉ። ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም እውነቱን ሲሸሽገኝ የምበሳጭ እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ ደግሞ እማማ ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም አሉ፤ ባሌ የሞተው እዚያ ነው፣ ኪራይ የሚከፍል ጡረታ የለኝም፣ ልጅቷን ንፋስ ላይ አላወጣትም። እድሩ ለመናቸው፤ እምቢ አሉ።

በቀኝ በኩል ያለችው ጎረቤታቸው፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ተነሣች። «የእኔ ጀሶ ደህና ነው» አለች። «መሬቱ እኔን ምሮኛል። ሁለት ክፍል አለኝ፤ በአንዱ ልብስ እሰፋለሁ። የስፌት መኪናውን ወደ መኝታዬ አስገባዋለሁ። እርስዎና ልጆቹ ዛሬውኑ ይምጡ፤ ካልመጡ እኔ ነኝ የእርስዎ ሳሎን መጥቼ የማድረው።» ሰዉ ሳቀ፣ አንዳንዱም አለቀሰ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ጀሶው ያልተሰበረበት ሁሉ እየተነሣ የተሰበረበትን ማስጠጋት ጀመረ። ይህን ከእኛ ማንም አላቀደውም። ሳይመሽ ፍራሽና ሳጥን በሰው ትከሻ መንገዱን ሲሞላው አየሁ። እማማ መጨረሻ ወጥተው በራቸውን ቆለፉ፤ ቁልፉን ጡታቸው ሥር ከተቱት።

ዝናቡ በገባ በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ አላስታውስም። ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ፣ እኔ ጠዋት ዱከም ግንበኞች ላይ ስጮህ ስልኬ ጠራ። «ነይ» አሉ ሰብሳቢያችን። ሰው ተጎድቷል ወይ ስላቸው «ማንም አልተነካም» አሉኝ። ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ዘለልኩ።

ሰፈሩ ሁሉ ለጥንቃቄ ከተወጠረ ገመድ ወዲህ ቆሞ ነበር። ምድር ተከፍታለች። ከማሳው እስከ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ከዚያም በማድቤቱ አልፎ እስከ እማማ ሳሎን፣ አይሱዙ መኪና የሚውጥ ገደል ተሰንጥቋል። ጀሶው በተሰበረበት ሁሉ አልፏል፤ ባልተሰበረበት አላለፈም። አንድ ሰው ድንጋይ ወረወረ፤ ወድቆ ሲያርፍ እንድንሰማ ጠበቅን፣ አልሰማንም። በሁለቱም በኩል ያሉት ቤቶች መስኮታቸው እንኳ አልተሰበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃት መሬት ይህን ያህል ትልቅ መሆኗን፣ እኛም ይህን ያህል ትንንሾች ሆነን መዳናችንን አይቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።

እማማ ትንሿን የልጅ ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ገመዱ ጋ ቆመዋል። ሳሎኑ የለም። ከቤቱ የቀረው የጓዳው ግድግዳ ብቻ ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ብቻውን ቆሟል፣ ጀሶዋም ላዩ ላይ አለች።

«ልጄ፣ ያቺን ታያለሽ?» አሉኝ። «አልተሰበረችም።»

«አይቻለሁ፣ እማማ።»

ቁልፉን ከጡታቸው ሥር አውጥተው ጨበጡት። «ከእሷ ጀምሬ ብሠራስ? ትንሽ፣ አንዲት ክፍል ብቻ። ይሆናል?»

እናያለን የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው።

«አይሆንም፣ እማማ» አልኳቸው። «እዚያ ቦታ ላይ ከእንግዲህ ቤት አይሠራም። መቼም።»

ግድግዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። እንባቸው ወረደ፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው።

«እሺ» አሉ። «እንዲህ ብለሽ ንገሪኝ።» ቁልፉን መልሰው ከተቱና የልጅቷን እጅ አጥብቀው ያዙ። «እንግዲያው የሚሆንበትን አሳዪኝ» ብለው ከፊቴ ቀድመው መሄድ ጀመሩ። ሰብሳቢያችን የጀሶ ፌስታላቸውን አንሥተው ተከተሉን።